ሰባት የክብሪት ቀፎ

ጤና ጣቢያው የምግብ ቤቱ ሰው በሙሉ፣ ባለቤቷ እትዬ ጌጤነሽ ሳይቀሩ፣ ሰገራ እንዲያስመረምር ባዘዘ ሰሞን የወጥ ሠሪዋ ሆድ ሲጮህ ይውል ነበር። «አሜባ ቢገኝብኝ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው» ብላ፣ ታማ የማታውቀዋን እቃ አጣቢ ወደ ጓዳ ጎትታ ባዶ የክብሪት ቀፎ አስጨበጠቻት።

«አስካልዬ፣ ካንቺው ቆንጠር አድርጊልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!»

አስካለ በጓሮ በኩል ወጥታ ሞልታ መለሰችላት።

በሳምንቱ መርማሪው ውጤቱን ይዞ፣ ራሱን እያከከ መጣ። «ከአስካለ በቀር ስድስታችሁም አንድ ዓይነት ትል ተገኝቶባችኋል» አለ። «እሱም የውሻ ትል ነው።»

ወጥ ሠሪዋም፣ እትዬ ጌጤነሽም፣ ሁሉም አስካለ ላይ አፈጠጡ።

«ምን ላድርግ?» አለች። «ስድስታችሁም በየተራ ቀፎ እያስጨበጣችሁኝ፣ የእኔ ለማን ለማን ይዳረስ?»