የምሳ ሰዓት ሳቅ

«ይህቺ ልጅ ሕፃኑን ስታጥብ ለምን ዓይኗን ትጨፍናለች?» እማማ ጉዲቱ ለራሳቸው እንኳ መመለስ ፈሩ። ጠዋት ምራታቸው የሽንኩርቱን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልላ «ይደብቁልኝ እማማ፤ እጄን አላምነውም። ሌላ ካረገዝኩ አብዳለሁ» ብላቸው ነበር። ክሊኒኩ የወሊድ መከላከያውን ያለ ባል ፈቃድ አልሰጥም ስላላት፣ ልጃቸውን ሊለምኑላት ቃል ገቡ።

ልጃቸው ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሥራው ለምሳ ሲገባ፣ ቢላዋውን በነጠላቸው ሥር እንደያዙ ጀመሩ። «ልጄ፣ ሚስትህ ትንሽ ትረፍ እንጂ። ያንን ኪኒን ፍቀድላት።»

«እማዬ ደግሞ! አብዮቱ ወታደር እየፈለገ እኛ ፋብሪካ እንዝጋ?» ብሎ ሳቀ።

እማማ ጉዲቱም እንደ ልማዳቸው አብረውት ሳቁ። ገና ሳቃቸው ሳያልቅ ምራታቸውን በሩ ላይ ቆማ አዩዋት። እፍረት ያዛቸው፤ ቢላዋውን ከነጠላቸው ሥር ጠበቅ አድርገው ያዙ። እሷ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና ከቤት ወጣች።