እፉኝቷ የገባችበት ቢሮ

ሰቆጣ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ እፉኝት ገባች። ሠራተኛው ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እየተሸከመ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

"ድረሱልን" ብለው ያመለከቱት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የተላከችላቸው ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው የዱር እንስሳት ባለሙያ ትሁት።

ትሁት ግቢው ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ እየመረቀ ይሄዳል። የሚዘጋ በር የለ፣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" የለ። ቀድሞ ፈርሞ እየተሰወረ ኃላፊውን አቶ ቅጣውን ከክፍል ክፍል ሲያንከራትት የኖረው ሠራተኛ ሁሉ አሁን ፊታቸው ተደርድሯል።

ቄሰ ገበዝ ወልደ ሐዋርያት ቀረቧት። ለዓመታት የተመላለሱበት የደብሩ የመሬት ጉዳይ ያለቀላቸው ወይራው ሥር ነው።

"ልጄ፣ ምን አደረገችሽ? ተያት።"

"አባ፣ ሰው ብትነድፍስ?"

"እስካሁን ማንን ነደፈች? እኛ እንደሆን ያለቅነው እሷ ሳትመጣ ነው።"

አቶ ቅጣው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ሰማሽ? እንግዲህ ማን እንዳመጣት ግልጽ ነው! ለፖሊስ ነው የምነግረው!"

ቄሱ አማተቡ። ትሁትም በልቧ ጠረጠረቻቸው።

እፉኝቷን ከመደርደሪያው ግርጌ አገኘቻት፤ አይጥ ጠግባ ወፍራለች። መንጠቆዋን ስትዘረጋላት ሰውነቷን ነፍታ እንደ ወናፍ ተነፈሰች። እንደ ምንም ብላ ባልዲ ውስጥ ከተተቻትና ክዳኑን ደፋችባት።

"ግደያት!" አሉ ሠራተኞቹ።

"አትገደልም! እሷ ባትኖር ፋይላችሁንም እህላችሁንም አይጥ ይጨርሰው ነበር። ቦታዋ ገደል ነው፤ እመልሳታለሁ።"

ሠራተኛው ጠረጴዛውን አንሥቶ ወደ ውስጥ ሲተም እሷ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ጸለሪ ወንዝ ገደል ቁልቁል ወረደች። ክዳኑን ልትከፍት ስትል ከኋላዋ ድንጋይ ተንከባለለ። አቶ ቅጣው ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ዱላ ይዘው፣ እያለከለኩ።

ትሁት ባልዲው ፊት ተገተረች። "አቶ ቅጣው፣ እሷን ከመንካትዎ በፊት እኔን ይምቱኝ!"

አቶ ቅጣው ዱላውን ጣሉ። ግራ ቀኙን ገላመጡ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"መልሺልኝ፣ እኅቴ። ሌላ ለመያዝ እንደገና ገደል ለገደል መንከራተት አልችልም።"