የሃያ ፎቅ ጥላ

ጎረቤቱን ሁሉ በር እያንኳኩ ሊሠራ ስለታሰበው ሕንፃ ለሚደረገው ስብሰባ የጠሩት ጋሽ ድንበሩ ናቸው። መናፈሻው አጠገብ ሃያ ፎቅ ከቆመ፣ እጅና እግሯ የማይታዘዝላት ልጃቸው ጠዋት ጠዋት የምትሞቀው ፀሐይ አበቃላት። አዳራሹ በር ላይ መዝጋቢዋ፣ «ለመገኘትዎ ነው፣ አባባ» ስትላቸው ከሁሉ ቀድመው ፈረሙ፤ ይዘዋት የመጡትን ልጃቸውንም አውራ ጣቷን ይዘው ቀለም አስነክተው አስፈረሙ።

«በፈጠራችሁ፣ ልጄን ፀሐይ አትንሷት!» ብለው ለመኑ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«አስተያየትዎን ወስደናል» አለ ሰብሳቢው። «ነገር ግን ሁለት መቶ ነዋሪ ግንባታውን ደግፎ ፈርሟል።»

«ማነው የፈረመው? እስቲ አሳየኝ!»

ሰብሳቢው በር ላይ የነበረውን ወረቀት ዘረጋላቸው። አንደኛ ተራ ላይ የራሳቸው ፊርማ፣ ከሥሩ ደግሞ የልጃቸው አውራ ጣት አሻራ አለ።