የአባባ ጥርስ

ቀዶ ሐኪሙ ከአባቷ አንጀት ያወጣውን ድብልብል ነገር በሳህን አሳያት። "የብርቱካን ቃጫ ነው። ሳያኝኩ እየዋጡት ተጠራቅሞ አንጀታቸውን ዘጋው። ድዳቸውም ቆስሏል፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ አልገጠማቸውም" አላት።

ጥርሱን ያሠራችላቸው እሷ ናት። በመጣች ቁጥር ብርቱካን እየላጠች ስታጎርሳቸው፣ "ተባረኪ ልጄ፣ ይሄ ጥርስ እኮ ድንጋይ ይሰብራል!" ይሏት ነበር።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለውን ጥርስ አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘችው። አባቷ ከማደንዘዣው ገና በቅጡ አልነቁም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ደረታቸውን ዳበሱ፤ ኪሳቸውን ሲያጡት አፋቸውን በእጃቸው ከለል አደረጉ።

"ሲስተር" አሏት ቀስ ብለው፣ "እባክሽ ጥርሴን አቀብይኝ። ልጄ ሳትመጣ ላድርገው።"