የቃለ መሐላው ቀጠሮ

በሰሜን ጣሊያን የሮካቬርዴ ከንቲባ ፌሩቾ ቦናዚ ለሦስተኛ ጊዜ ለመመረጥ የተነሣው «ከተማችን ሞልታለች፤ በሩን ዝጉ» በሚል መፈክር ነው። በሩን ማን ከፍቶ እንደተወው አይጠየቅም፤ ዐሥሩን ዓመት ከንቲባው እሱ ነበር። ከወደቀ የሚጠብቀው የሚስቱ ወንድም ጎማ መሸጫ ነው።

ያስጨነቁት ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው። ላም አላቢ ሕንዳውያን ከአዋቂ ልጆቻቸው ጋር ዜግነት ተፈቅዶላቸዋል፤ የቀራቸው ከንቲባው ፊት መማል ነው። ከማሉ ይመርጣሉ። ተፎካካሪው ፋርማሲስቷ ደግሞ ስደተኛ ስታይ ጥርሷን አትከድንም።

«ከምርጫው በኋላ ቅጠሪያቸው» አላት የመዝገብ ቤቷን ኦርኔላን።

«ከዚያ በፊትም ባዶ ቀን አለ እኮ።»

«ሞልቷል በያቸው። እንደ ከተማው።»

በማግስቱ ባልጂንደር የተባለው የአላቢዎቹ አለቃ ጥምጥሙን አሳምሮ መጣ። ሮካቬርዴ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል።

«ክቡር ከንቲባ፣ ቀኑን ቀደም ቢያደርጉልን። ዘንድሮ ከነልጆቻችን መምረጥ አምሮናል።»

«ማንን?»

«ድምፅ ምስጢር ነው ብላኛለች ልጄ።»

ነገሩ ሸተተው። «ቀን የለም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሰላም ነሣው። ቅስቀሳ ላይ ከፊት ቆሞ ሲያጨበጭብ ፌሩቾ «ሰላይ ነው» አለ። የከንቲባውን ፎቶ በረቱ በር ላይ ሲለጥፍ «ከላም ሊያመሳስለኝ ነው» ብሎ አስገነጠለው። የባልጂንደር ልጅ ስብሰባ ላይ ተነሥታ «አዲስ የመጡት በግማሽ ደሞዝ ሲያልቡ ምን ይላሉ?» ብትል፣ ለዘመዶቿ ልትሟገት ነው ብሎ ማይኩን አስነጠቃት። ብልጥ ሰው ነው፤ ማን ያታልለዋል?

እሑድ በሰባት ድምፅ ተሸነፈ።

«ሠላሳ አንዱ ቢጨመሩበትማ መሳቂያ ነበርኩ» ብሎ ተጽናና። ሚስቱ ለወንድሟ ስልክ ደወለች።

ሐሙስ አዲሷ ከንቲባ ገና ስላልተረከበች ማስማሉ እሱ ላይ ወደቀ። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ባልጂንደር ማለና እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው። ፌሩቾ ሊሳለቅብኝ ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ። የሰውዬው ዓይን ግን እንባ አቅርሯል።

«ቀን ቢገኝልን ኖሮ ሠላሳ አንዳችንም እርስዎን ነበር የምንመርጠው፤ ይቺ ሴትዮማ የመጣውን ስደተኛ ሁሉ ልታስገባብን ነው።»