የዓርብ ጠዋት ትምህርት

ሙኒራ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ላሳደገቻት ለየሺመቤት ስለ ትምህርቷ አንዲት ቃል ተንፍሳላት አታውቅም፤ ፊደል ያልቆጠረች ሠራተኛ ምን ይገባታል ብላ ነዋ። በዚያ ዓርብ ግን ከቀትር በፊት ተነስታ የማታውቀው ልጅ በጠዋት ወጥ ቤት ገባች። አሮጊቷን አስቀምጣ፣ ቁርስ በግድ አብልታ፣ ለትምህርቷ የምትጠቀምባቸውን የፕላስቲክ ኳሶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«ይሄ ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው፣ ማማ የሺ። ቀይዋ ኦክስጅን ናት። ሳንባ ላይ ይይዛታል፣ ጡንቻ ጋ ሲደርስ ይለቃታል። አንዷን ከያዘ ሌሎቹን መያዝ ይቀለዋል።»

«ከለቀቃት በኋላስ ወዴት ትሄዳለች?» አለች የሺመቤት፣ ቀይዋን ኳስ አንስታ።

ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየች። የሺመቤትም አየች። የጎረቤት ሹፌር ደመቀ ነጠላ የለበሱ ሦስት ሴቶች ከመኪና እያወረደ ነበር። አገር ቤት ሆስፒታል የተኛችው የየሺመቤት እህት ከትናንት ጀምሮ ስልክ አላነሳችም። መርዶ ደግሞ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ በጠዋት፣ ተሰብስቦ፣ ባለሐዘኑ እህል ከቀመሰ በኋላ። ልጅቷም እስኪደርሱ አቆዪያት ተብላለች ማለት ነው።

የሺመቤት ብድግ አለች። እንባዋን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ኳሱን የጨበጠው እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ደመቀ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ «እንደምን አደሩ፣ እማማ? እስቲ አረፍ ይበሉ። ዘንድሮ ሙቀቱ...» አለ።

«ሙቀቱን እኔም አውቀዋለሁ። እህቴ ሞተች በለኝ፤ እንደቆምኩ፣ በገዛ አፍህ በለው!»