የደረቱ ክዳን

የሠራሁትን ዕቃ ሰው ሲነካብኝ ደሜ ይፈላል። ጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ይህን ክንድ የሚያህል ሮቦት የነደፍኩት እኔ፤ እግሩን በአሶሳ ቀርከሃ፣ የደረቱን ክዳን ከቤታችን ጣሪያ በተረፈ ቆርቆሮ የሠራሁት እኔ። ውስጡን ባዶ ነበር የተውኩት። ዛሬ ክዳኑን ስከፍት ሁለት የጭቃ ሰዎች ጠረጴዛ መሃል አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ እንደኔ ቢጫ ሸሚዝ ለብሷል።

«ቦዔዝ፣ አትንካብኝ አላልኩህም?» ብዬ አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ላይ ጮህኩበት።

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነካሁትም!»

«ውሸታም!»

ክዳኑን ዘግቼ፣ ልጨፈልቃቸው በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

ከበላያችን የቤቱ ቆርቆሮ ተንቋቋ። ንዴቴ አልበረደምና ይበልጥ ተጫንኩ። ጣሪያው መሃሉ ላይ ወደ ታች ሰረጎደ።

«ጣትህን አንሳ» አለ ቦዔዝ ጣሪያውን እያየ።

አነሳሁ። ከላይ የተጫነን ግን ጣቱን አላነሳም።